ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጭረቶች

ጆርጀት ቲቦዶ ያንን ሁሉ ጭረት ያጠፋችው ተንኮል አስባ አይደለም። ሥራዋን ጠንቅቄ ልሥራ ብላ ነው።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። አሜሪካ፣ ካምብሪጅ ውስጥ፣ ከወንዙ ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ የኮምፒውተር ተመራማሪዎች በተሰበሰቡበት ቤተ ሙከራ በጽሕፈት መኪና ትሠራለች። የመጣችው ከሎውል ነው፤ ጨርቅ ከሚሸመንበት ከተማ። ቤታቸው የሚነገረው ፈረንሳይኛ ስለነበር እንግሊዝኛውን ያስተማሯት መነኮሳት ናቸው፤ ያስተማሯትም በማስመሪያ ጫፍ ነው። ነጥብ ያለቦታው ስታይ፣ የተከፈተ ጥቅስ ሳይዘጋ ሲቀር፣ ጫማዋ ውስጥ ጠጠር የገባ ያህል ይቆረቁራታል።

የስምንተኛው ፎቅ ሰዎች ለእሷ እንግዳ ፍጥረቶች ነበሩ። ጢማቸውን የማያበጥሩ፣ በካልሲ ኮሪደሩን የሚመላለሱ፣ ቁርስና ምሳቸውን አንድ ላይ በአሥር ሰዓት የሚበሉ። ማሽኑ እንዳይግል ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ ይቀዘቅዛልና ከተማው በሐምሌ ሙቀት ሲቀቀል እነሱ ሹራብ ደርበው ይሠራሉ። ዛሬ ጆርጀት ያንን ጊዜ ስታነሣ በመጀመሪያ ትዝ የሚላት ያ ብርድ ነው፤ ከመንገዱ ግለት ገብተው በሩን ሲከፍቱት ፊት ላይ ጥፊ የሚመስለው ብርድ።

ከሁሉ የሚቀርባት አልደን ኦርከት ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ፣ ረጅም፣ ሎብስተር የሚባለውን የባሕር እንስሳ በማጥመድ ከሚኖሩ የሜይን ደሴት ሰዎች የተወለደ። ሊስፕ በሚባለው ቋንቋ ፕሮግራም ሲጽፍ እጁ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፤ እርሳስ ሲይዝ ግን ጽሑፉ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። በዚያ ዓመት ከየከተማው ለሚመጡ አርባ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን የአምስት ሳምንት ትምህርት ሊሰጥ ተነሣና ለእነሱ የሚሆን መጽሐፍ በእርሳስ ጻፈ። መቶ አርባ ገጽ። ረቂቁን ጆርጀት ጠረጴዛ ላይ ከምሮ ለሥራ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ።

ጆርጀት መተየብ እንደጀመረች ግራ ገባት። ከአንዳንዱ ቃልና ከአንዳንዱ ቅንፍ ፊት አንዲት ትንሽ ጭረት ተንጠልጥላለች። ጥቅስ እንዳትባል የሚዘጋት የለም። እንዳትተው ደግሞ በየገጹ አለች። የቢሮ ኃላፊዋን ሚስስ ፕሩዊትን ጠየቀቻት።

«የሱን እጅ አታውቂውም እንዴ? እርሳሱ እያንሸራተተው ነው» አለች ሚስስ ፕሩዊት፣ ቀና እንኳ ሳትል። «አስተካክዪው፤ እሱን ብለሽ ሥራ እንዳታስፈቺኝ።»

ጆርጀትም አስተካከለችው። አንዲትም ጭረት ሳታስቀር ጽሑፉን እንደ መስታወት አጠራችው። የቢሮው ሕግ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አይደር ስለነበር ተይቦ ያለቀውን ረቂቅ ጣለችው። አርባ ቅጂ ታተመ፤ ተጠረዘ። ሽፋኑም የሚያምር ሰማያዊ ነበር።

ትምህርቱ ሐሙስ ጁላይ አንድ ቀን 1976 ተጀመረ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ኦርከት መጽሐፉን እንደያዘ ጠረጴዛዋ ፊት ቆመ። ፊቱ ደም ለብሷል።

«ሚስ ቲቦዶ፣ ጭረቶቼ የት ገቡ?»

«የትኞቹ ጭረቶች?»

«ከቃላቱ ፊት ያሉት! ትንንሾቹ!»

«እነሱማ… ስሕተት መስለውኝ፣ ሚስተር ኦርከት። አስተካከልኩልዎት።»

«አስተካከልሽልኝ!» አለና የወረቀት ካርቶን ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። ይስቅ ያልቅስ አይለይም። «አርባ መምህር ታች ተቀምጧል። አንድ ነገር በጻፉ ቁጥር ማሽኑ ይሰድባቸዋል። አንዲት ሴትዮ ‹እኔ የሒሳብ መምህርት ነኝ፣ እንዲህ ያለ ውርደት አይቼ አላውቅም› ብላ ቦርሳዋን አንሥታለች።»

ጩኸቱን ሰምታ ሚስስ ፕሩዊት ወጣች። ነገሩን ስትረዳም እጆቿን አጣምራ፣ «እኔ እኮ ያልገባሽን አትንኪ ብዬሻለሁ» አለቻት።

ጆርጀት ቀና ብላ አየቻት፤ ሚስስ ፕሩዊት ዐይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች።

«ረቂቁስ?» አለ ኦርከት።

«ጣልኩት።»

«ማተሚያ ቤቱ ለበዓሉ ተዘግቷል፤ የሚከፍተው ማክሰኞ ነው» አለች ሚስስ ፕሩዊት። «አገሩ ሁሉ የነጻነቱን ሁለት መቶኛ ዓመት ሊያከብር እየተዘጋጀ ማን መጽሐፍ ያትምልሃል?»

ጆርጀት ከወንበሯ ተነሣች።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የምመልሰውም እኔ ነኝ» አለች። «እስከ ማክሰኞ አርባውንም በእጄ እሞላለሁ። ጭረቶቹ ምን እንደሆኑ ብቻ ይንገሩኝ።»

ኦርከት ቅዳሜ የእኅቱ ሠርግ አለበትና ዓርብ ማታ ወደ ደሴቱ መሄድ ግድ ነበረው። ስለዚህ ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ መምህራኑን ያለ መጽሐፍ በጥቁር ሰሌዳ ካስተማረ በኋላ፣ ጆርጀትን ማሽኑ ክፍል አስገብቶ ከአንድ ቁልፍ ሰሌዳ ፊት አስቀመጣት። መጀመሪያ ስለ ምልክትና ስለ ዋጋ፣ ስለ ተርጓሚውም እንደ መጽሐፍ ተናገረ። ጆርጀት እየነቀነቀች አዳመጠችው፤ አንድ ቃል አልገባትም።

«አልገባሽም» አላት።

«አልገባኝም።»

«እሺ። ስምሽን ጥሪ።»

«ጆርጀት።»

«አሁንም፣ ስምሽን ጥሪ።»

«ጆርጀት አልኩዎት እኮ!»

«ተሳስተሻል» አለ ኦርከት እየሳቀ። «በሁለተኛው ዙር የፈለግሁት ‹ስምሽን› የሚለውን ቃል እንድትጠሪልኝ ነበር።»

«ታዲያ በምን ልወቅ? ሁለቱም ጆሮ ላይ አንድ ናቸው!»

«አዎ፣ አንድ ናቸው! ሰው ከሰው ሲያወራ ከፊት አይቶ፣ ከድምፅ ቃና ሰምቶ ይለያል። ማሽኑ ፊት አያይም። ስም ከሰጠሽው ሁልጊዜ ሄዶ ባለቤቱን ያመጣልሻል። ባለቤቱን ሳይሆን ስሙን ራሱን ስትፈልጊ ጭረቷን ከፊቱ ታደርጊያለሽ። እስቲ ይሄንን ከመጽሐፉ ጻፊ፤ ከዝርዝሩ የፊተኛውን አምጣ ማለት ነው።»

ጻፈች።

(ፊተኛ (ሃዶክ ሸርጣን ሎብስተር))

ማሽኑ ጥቂት አሰበና መልሱን አወጣ፤ ሃዶክ የሚባል ሥራ አላውቅም አለ።

«ሥራ? ሃዶክ ዓሣ ነው እኮ!» አለች ጆርጀት።

«እሱ ምን ያውቃል? ቅንፍ ሲያይ ‹ሥራ ታዘዝኩ› ነው የሚለው። ከቅንፉ ቀጥሎ የተጻፈውን የሥራው ስም አድርጎ ይወስደዋል። ‹ሃዶክ› የሚል ሥራ ፈልጎ ሲያጣ ጊዜ ነው የሚቆጣው። አሁን ከውስጠኛው ቅንፍ ፊት ጭረቷን ጨምሪ።»

(ፊተኛ '(ሃዶክ ሸርጣን ሎብስተር))

ሃዶክ፣ አለ ማሽኑ። ብቻውን፣ ሳይቆጣ።

ጆርጀት ያንን አንድ ቃል አተኩራ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም» አለች። «ልጅ ሆኜ ደብዳቤ ሲመጣ ከፍቼ፣ አንብቤ፣ በፈረንሳይኛ የምነግራት እኔ ነበርኩ። የመብራቱን፣ የሐኪሙን፣ የፋብሪካውን፣ ሁሉንም። አንዳንድ ቀን ግን ፖስታ ትሰጠኝና ‹ይሄንን ለአክስትሽ እንዳለ አድርሺ› ትለኛለች። ያንን አልከፍትም። ጭረቷ ‹እንዳለ አድርስ› ማለት ናት?»

ኦርከት ሹራቡን ሳብ ሳብ አደረገ።

«ይሄንን መጽሐፉ ውስጥ መጻፍ ነበረብኝ» አለ። «ደግሞ ሚስተር አትበይኝ። ስምንተኛ ፎቅ ላይ እርስዎ የሚባል ሰው የለም። አልደን በይኝ።»

«እሺ… አልደን። አንተ ሂድልኝ፤ የቀረውን እኔው እወጣዋለሁ።»

«ያልገባሽን ማሽኑን ጠይቂው። ጭረት የጎደለበት ላይ ይጮኻል» አለና ሻንጣውን አንሥቶ ወደ አውቶቡሱ ሮጠ።

ቅዳሜ ጠዋት ጆርጀት ብቻዋን ገባች። ከመጽሐፉ ላይ እያንዳንዱን ምሳሌ ወደ ማሽኑ ትጽፋለች፤ ማሽኑ ይጮኻል፤ የቱ ስም መከፈት፣ የቱ እንዳለ መድረስ እንዳለበት ታስባለች፤ ጭረት ትጨምራለች፤ እንደገና ትጽፋለች። መልሱ ከገጹ ላይ ከታተመው መልስ ጋር ሲገጥም በቀጭን ጥቁር እስክርቢቶ መጽሐፉ ላይ ታኖራታለች። ማታ አምሽታ ያንን መጽሐፍ ሞልታ ስትጨርስ ሎውል ደወለችና ለበዓሉ እንደማትመጣ ለእናቷ ነገረቻት።

«ለአንድ ጭረት ብለሽ?» አለች እናቷ ኦሬሊ።

«ለሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነው የሚሆነው፣ ማማ። ያውም በአርባ መጽሐፍ።»

«ጣትሽ ይነቀላል» አለችና ዘጋችው።

እሑድ፣ በዓሉ ዕለት፣ የበሩ ጠባቂ ደውሎ «አንዲት ሴትዮ እንግሊዝኛ እንቢ ብላኛለች፤ እጇ ላይ ምግብ አለ» አላት። ኦሬሊ ቲቦዶ ነበረች። በባቡር መጥታለች፤ በፎጣ የተጠቀለለ የአሳማ ሥጋ የተሞላ ቂጣዋንና የሥራ መነጽሯን ይዛለች። ሠላሳ አንድ ዓመት በሱፍ ፋብሪካ ጨርቅ መርማሪ ሆና ሠርታለች። የተሸመነውን ጨርቅ ብርሃን ላይ ዘርግታ፣ በጣቷ እየዳሰሰች የዘለለ ክር ታገኛለች፤ ካገኘችም በመርፌ ታስገባለች። ዐይኗ የሚያመልጠው ነገር አልነበረም።

«ይሄ ምን ዓይነት ቤት ነው? ሬሳ ነው የምታቆዩት?» አለች ብርዱ ሲመታት።

ጆርጀት ሹራቧን አውልቃ አለበሰቻት። ሞልታ የጨረሰችውን የመጀመሪያ መጽሐፍ መካከላቸው ዘረጉና ከእሱ እያዩ ሌሎቹን መሙላት ጀመሩ። እናቲቱ አንድ ቃል ሳታነብ ከልጇ ሁለት እጥፍ ትፈጥናለች። ገጹን እንደ ጨርቅ ታየዋለች፤ ጭረት ያለበትን ቦታ በዐይኗ ለክታ፣ ሸብ፣ ሸብ፣ ሸብ። ከመስኮቱ ውጭ ወንዙ ዳር ሕዝቡ እንደ አሸዋ ፈስሷል፤ ባንዲራ፣ ፊኛ፣ ልጆች በአባቶቻቸው ትከሻ። ከማዶ የሙዚቃው ድምፅ በነፋስ ይመጣል፤ ይሄዳል። ቂጣውን በወረቀት ላይ ቆርሰው በሉ። ኦሬሊ ስለ ፋብሪካው አወራች፤ ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳገባ። ከዚያ በፊት እናትና ልጅ አንድ ጠረጴዛ ላይ አብረው ሠርተው አያውቁም ነበር።

ስልሳ አንደኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ የኦሬሊ እስክርቢቶ ቆመ።

«እዚህ ጋ ክር ዘልሎብሻል» አለች።

ጆርጀት አየችው። ገጹ ላይ ሁለት መስመሮች ተከታትለዋል።

(ስጥ 'ጀልባ 'ሮዛሊ)
(ስጥ ጀልባ 'ቀይ)

«የላይኛው ጀልባ ጭረት አለው፤ የታችኛው የለውም። አንድ ዓይነት ሽመና ነው እኮ። ላስገባው?»

«ቆይ ማማ!»

ጆርጀት ያንን ገጽ ቅዳሜ ሲመሽ ነበር የሠራችው፤ ማሽኑ ስላልጮኸ አልፋው ነበር። አሁን ተጠራጠረች። ማሽኑ ዝም ያለው ትክክል ስለሆነ ነው ወይስ ስሕተቱን ስላላየ? ወደ ቁልፍ ሰሌዳው ሄደችና በሁለቱም መንገድ ሞከረችው። በሁለቱም አልጮኸም። የታችኛው ጀልባ ጭረት ሲኖረው፣ ጀልባ ራሱ ቀይ ሆነ፤ የሮዛሊ ስም ጠፋ። ጭረት ሳይኖር ግን ማሽኑ ጀልባን ከፈተው፤ ውስጡ ሮዛሊን አገኘ፤ ቀዩንም ለሮዛሊ ሰጠ። ተመልሳ ከምሳሌው በታች ያለውን የኦርከትን ጽሑፍ አነበበች። «አሁን ጀልባን ብትጠይቁት ሮዛሊ ይላችኋል። ሮዛሊን ብትጠይቋት ቀይ ትላችኋለች» ይላል።

«አታስገቢ» አለች። «ይሄ አልዘለለም። ይሄኛው ፖስታ እንዲከፈት ነው የተፈለገው። ቀዩ ለጀልባ አይደለም፣ ጀልባ ለሚላት ለሮዛሊ ነው።»

ኦሬሊ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ልጇን አየቻት። «እኔ የገባኝ ነገር የለም» አለች። «አንቺ ግን ገብቶሻል።»

ሰኞ ከቀትር በኋላ አርባኛው መጽሐፍ አለቀ። ኦሬሊ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች፣ ሹራቡ እስከ አገጯ ተጎትቶ፣ አንቀላፍታለች። ጆርጀት ሳትቀሰቅሳት ብዙ ቆየች።

ማክሰኞ ጠዋት መጽሐፎቹ ለመምህራኑ ታደሉ። ጆርጀት ልብ አላስችል ብሏት በክፍሉ በር ቆማ ታይ ነበር። ማሽኑ አልተሳደበም። ቦርሳዋን አንሥታ የነበረችው የሒሳብ መምህርት ሦስት ጊዜ «አሃ!» አለች። ትምህርቱ ሦስተኛ ሰዓቱን ሲይዝ ግን ይህችው ሴትዮ እጇን አወጣች።

«ስልሳ አንደኛው ገጽ ላይ ጭረት ጎድሏል። ከላይ አለ፣ ከታች የለም።»

ኦርከት መጽሐፉን ጨረፍ አድርጎ አየ። «አዎ፣ አንዷ አምልጣለች። ይሄን ሁሉ ሞልታ አንድ ብታመልጣት አይፈረድባትም። ጨምሩበት።»

አርባ እስክርቢቶ ወደ አርባ ገጽ ሲያዘነብል ጆርጀት አየች።

«አትጨምሩ!» አለች ከበሩ።

ክፍሉ ሁሉ ዞረ። ሹራብ የደረበች ታይፒስት ናት። ከኋላዋ ሚስስ ፕሩዊት «ጆርጀት!» ስትል ተሰማ።

«አላመለጠኝም፣ አልደን። በታች የጻፍከውን አንብበው።»

ኦርከት አነበበ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። እንደገና አነበበ። ከዚያ ወደ ማሽኑ ዞሮ ሁለቱን መስመሮች ጻፈ፤ ጀልባን ጠየቀ፤ ሮዛሊን ጠየቀ። ሲዞር ጆሮው ቀልቶ ነበር።

«የራሴን መጽሐፍ ልታበላሹብኝ ነበር» አላቸው ለመምህራኑ፣ እንደ እነሱ ጥፋት አድርጎ፣ ክፍሉም በሳቅ ተሞላ። ጠመኔውን ወደ ጆርጀት ዘረጋ። «ነይ ለምን እንደሆነ ንገሪያቸው። እኔን ሦስት ቀን ሙሉ ሰምተውኛል፤ አልገባቸውም።»

ጆርጀት ገባች። ጠመኔውን ተቀበለችው። ስለ ፖስታው ነገረቻቸው።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ሚስስ ፕሩዊት ጆርጀትን ለማሰናበት ያዘጋጀችው ደብዳቤ ሳይፈረም ቀረ፤ ኦርከት ከእሱ ጋር ፕሮግራም እንድትሠራ ወስዷት ነበርና። ሚስስ ፕሩዊት ስለዚያ ቃል አንሥታ አታውቅም፤ ጆርጀትም አላነሣችባትም። አንድ ቀን ግን፣ ሚስስ ፕሩዊት ጡረታ ልትወጣ ስትሰናበት፣ የጆርጀትን እጅ ከልክ በላይ አጥብቃ ይዛ፣ «ያን ጊዜ…» ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው ሄደች።

ጆርጀት አሥራ ሁለት ዓመት በዚያ ፎቅ ሠራች። ጢማሞቹ አንድ በአንድ ወጡ። አንዳንዱ ኩባንያ ከፈተ፣ አንዳንዱ ከሰረ፣ አንዱ ቬርሞንት ገብቶ ንብ አናቢ ሆነ። ትልቁ ማሽን በትንንሽ ተተካና በ1988 ጥቅምት ላይ ሊወስዱት የጭነት መኪና መጣ። ክፍሉ ውስጥ ብርዱን የሚነፋው ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፋ። ጆርጀትና ኦርከት ማሽኑ ቁራጭ በቁራጭ በአሳንሰሩ ሲወርድ ቆመው አዩ፤ ከዚያ ምን እንደሚያደርጉ ጠፋቸውና በእሱ አሮጌ መኪና ወደ ባሕር ዳር ነድተው፣ ክላም የሚባለውን የተጠበሰ የባሕር ምግብ ገዝተው፣ የድንጋይ አጥሩ ላይ ተቀመጡ። ኦርከት ፀጉሩ ሸብቶ ነበር። በሚቀጥለው ወር ወደ ደሴቱ ሊመለስ ነው፤ እሷም ሎውል ውስጥ ለጎልማሶች ልታስተምር ተቀጥራለች።

«ከሁሉ የሚናፍቅሽ ምን ይሆን?» አላት።

«መጠበቁ» አለች።

«የማን?»

«የማሽኑ። ጥያቄዬን እስክጨርስ ዝም ብሎ ይጠብቀኛል። ቅንፉን እስክዘጋ ድረስ። አንድ ቀን እንኳ ቸኩሎብኝ አያውቅም።»

«እኔስ ቸኩዬብሽ አውቃለሁ?»

«አንተማ በየቀኑ!»

ኦርከት ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ አንዲት የባሕር ወፍ ከጎኑ ካለው ወረቀት ላይ ትልቁን ክላም ነጥቃ በረረች። በሜይን ሰዎች አፍ ብቻ የሚሰማ ስድብ ከኋላዋ ለቀቀባት። ጆርጀት የራሷን ክላም ከመካከላቸው አኖረችና አብረው በሉ። ነፋሱ ይቀዘቅዝ ነበር፤ ሹራብ ግን የያዘ አልነበረም።